የደባሏ እናት ለቅሶ

በኦሃዮ፣ ኮሎምበስ የእድራችን ጡሩምባ ነፊ እኔ ነኝ። ጡሩምባው የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለእኔ ነው፤ ኢስተን ሰፈር በምሠራበት ሆቴል አንሶላ ስቀይር ከደረሰብኝ ጓንቴን አውልቄ እዚያው አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ እልና እጽፋለሁ። ማን እንደሞተ፣ ሟች ለአባላችን ምኑ እንደሆነ፣ ለቅሶው የት እንደሆነ፣ መኪና የት እንደሚቆም። ከእነዚህ ሁሉ ሰው አጥብቆ የሚያነበው የመጨረሻውን ነው። አንድ ጊዜ የሟችን ስም አሳስቼ ጽፌ ማንም አልተቆጣኝም፤ ፓርኪንግ የረሳሁ ዕለት ግን ሟቹን እኔ የገደልኩት ያህል ተወቀስኩ።

እድራችን ውስጥ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም አለ። ዲቪ ሲያመጣን ሃይማኖታችንን አልጠየቀንም፤ አንድ መጋዘንና አንድ አፓርትመንት ውስጥ ነው ያገናኘን። ስለዚህ እድሩ ሲቋቋም በደንቡ አናት ላይ «ሀገር የጋራ ነው፤ ሃይማኖት የግል ነው» ብለን በትልቁ ጻፍን። አሜሪካኖች ሃይማኖትንና መንግሥትን ለመለየት ምን ያህል እንደተከራከሩ አላውቅም፤ እኛ ግን ነገሩን የጨረስነው በድስት ነው። ለለቅሶ ሥጋ ይቅረብ ሲባል «የማን ሥጋ?» የሚል ጥያቄ ተነሳ። የክርስቲያኑን ሙስሊሙ አይበላም፣ የሙስሊሙን ክርስቲያኑ አይነካም። ጴንጤዎቹ «እኛ ሁለቱንም እንበላለን» ሲሉ ሁለቱም ወገን ተቀየማቸው። በመጨረሻ ምስርና ሽሮ ይሁን ተባለና ሰላም ወረደ።

ጸሎቱም እንደዚሁ ነው ያለቀው። መጀመሪያ ሦስቱም በየተራ ይጸልዩ ነበር፤ የጴንጤው ጸሎት ስብሰባውን ሊበላው ሲደርስ የህሊና ጸሎት ወደሚባለው ዞርን። ቆመን ዝም እንላለን፤ እያንዳንዱ ስለሌሎቹ ለየአምላኩ ያማርራል፤ ከዚያ ተቀምጠን አጀንዳ እንከፍታለን።

ከሁሉ የከበደን ጋብቻ ነበር። እድሩ የሚቆመው ለባልና ለሚስት፣ እንዲሁም ለሁለቱም ወላጆች ነው። ታዲያ ባልና ሚስት የሚባለው ማን ነው? አንድ አባላችን የሞተ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ያገባትና በፍርድ ቤት ያገባት፣ ሁለቱም ጥቁር ለብሰው፣ አንድ ድንኳን ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ዋሉ። እኛ የትኛዋን «እግዜር ያጥናሽ» እንደምንል ጠፍቶን መሀል ላይ ቆመን ቀረን። ከዚያ በኋላ ሊቀመንበራችን በእጁ ባረቀቀው አንቀጽ «ጋብቻ ማለት በኦሃዮ ሕግ ፊት የጸና ጋብቻ ነው» ተባለ፤ ሁላችንም አጨበጨብን። የቄሳርን ለቄሳር ያልነው ቄሳርን ወደነው አልነበረም። እኔ ያንተን ፓስተር አላምንም፣ አንተ የእኔን ቄስ አታምንም፤ ሁለታችንም የማናውቀውን ዳኛ ማመን ቀለለን።

ከአባሎቻችን መካከል አንዲት ነርስ አለች። ክሊንተንቪል የሚባል ሰፈር ውስጥ ጋራዥ ያለው አሮጌ ቤት ገዝታ ትኖራለች። የእድሩ ድንኳን፣ ታጣፊ ወንበሮቹና ትልልቆቹ ብረት ድስቶች የሚቀመጡት እሷ ጋራዥ ነው። ክረምት ላይ የእሷ መኪና በረዶ እየወረደበት ውጭ ያድራል፤ የእኛ ወንበሮች ከውስጥ ይሞቃቸዋል። ለቅሶ በመጣ ቁጥር ዕቃውን በፒክአፕ ጭነው የሚያመጡት እሷና አብራት የምትኖረው አሜሪካዊት ናቸው። አሜሪካዊቷ አስተማሪ ናት፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ክንዷ የጠነከረ። ድንኳኑን መትከል ከወንዶቻችን ሁሉ ቀድማ የለመደችው እሷ ናት። የእኛዎቹ የትኛው ብረት የት እንደሚገባ ሲከራከሩ እሷ ጨርሳ ገመዱን ታጠብቃለች።

ይህችን ሴት «ደባሏ» እንላታለን። ስድስት ዓመት ሙሉ ደባል። «ብልህ ልጅ ናት፣ ሞርጌጁን ከደባል ጋር ትጋራለች» እያልን ለልጆቻችን ምሳሌ እናደርጋታለን። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ሁለቱም ነጭ ለብሰው፣ አበባ ይዘው፣ ግንባር ለግንባር ተነካክተው የተነሱት ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። አንድ ጊዜ ድስት ልናወጣ የገባን ሴቶች ፎቶው ሥር ቆመን ለረጅም ጊዜ አየነው። «የምርቃት ይሆናል» አለች አንዷ። «መሆን አለበት» አለች ሌላዋ። እኔም በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ። ጆሮ ዳባ ልበስ ይባላል፤ የእኛ ዓይንም ለብሶ ነበር።

ሊቀመንበሩማ ባል ሊፈልግላት ሽማግሌ ሆኖ ሄዷል። እጩውን ሱፍ አስለብሶ፣ ውስኪ አስይዞ ክሊንተንቪል ወሰደው። ራት አብስላ ያበላቻቸው ደባሏ ነበረች። ሲመለስ «ልጅቷ ዓይን አፋር ናት፤ ደባሏ ግን እንዴት ያለች ሰው አክባሪ መሰለችሽ!» አለኝ። ፎቶው ሥር ተቀምጦ ነው የበላው።

ያ ሁሉ ከኮቪድ በፊት ነው። ኮቪድ ሲመጣ ለቅሷችን ተበላሸ። 2020ን በመኪና ሆነን ነው ያለቀስነው። በሰልፍ በሐዘንተኛው ቤት ፊት እናልፋለን፤ መስኮት ዝቅ እናደርጋለን፤ «እግዜር ያጥናችሁ» ብለን እንነዳለን። ከበርገር ቤት ሰልፍ የሚለየው ምንም ተቀብለን አለመሄዳችን ነበር። በ2021 ሰመር ግን ሰው ሁሉ ተከትቦ መተቃቀፍ ጀመረ። ሰርጉም ተመለሰ፤ እስክስታው እንደ ድሮው ሆነ።

ነርሷ የደወለችልኝ በዚያ ሰመር ነው። ትራስ እያለበስኩ ነበር።

«እትዬ፣ አማቴ አረፈች» አለችኝ።

ትራሱን እንደያዝኩ ቀረሁ። «ማንሽ?»

«የሚስቴ እናት።»

በስድስት ዓመት ውስጥ ያንን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። ምን እንደምል ስላልመጣልኝ «ነፍስ ይማር» አልኩ። ነፍስ ይማር ለማንኛውም ሰው ይሆናል።

ሴትዮዋ የኖረችው ኢስትሙር ሰፈር ነው፤ ለቤተ ክርስቲያኗ ትጉህ፣ የመዘምራን አባል። የልጇን ጋብቻ አልወደደችም፤ ሰርጉም ላይ አልተገኘችም። ስትታመም ግን ክሊንተንቪል ወስደው ያስታመሟት ልጇና የእኛዋ ነርስ ናቸው። የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች በሥርዓት ቀበሯት፣ በአዳራሻቸው ምሳ አበሉ፣ ከዚያ ወደየቤታቸው ሄዱ። ወደ እነዚህ ልጆች ቤት ደጃፍ ግን ማንም አልዞረም።

«ሚስቴ ወንድም እህት የላትም፣ እትዬ» አለችኝ ነርሷ። «እኔ ደግሞ ወንበር በጫንን ቁጥር የምነግራት አንድ ነገር ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ብቻሽን አይተዉሽም፤ ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ሂዱ ብትያቸውም አይሄዱም ብያታለሁ። አሁን ከቀብር ስንመለስ 'ያንቺ ሰዎች መቼ ነው የሚመጡት?' አለችኝ። ከእድሩ ሌላ ምንም አልፈልግም። ሰው ብቻ ይምጣልኝ።»

እኔ ጾም የማልገድፍ ሴት ነኝ። ስለዚህ ነገር ቤተ ክርስቲያኔ ምን እንደምትል አውቃለሁ፤ ክርክሩን ለሊቃውንቱ ትቼዋለሁ። ግን ወንድሜ የሞተ ጊዜ፣ ገና በሩን ሳልከፍት፣ ግቢዬ ውስጥ ድንኳን የተከሉልኝ እነዚህ ሁለት ልጆች ናቸው። ለቅሶ ደግሞ ብድር ነው፤ ከመጣልህ ሰው ለቅሶ መቅረት በእኛ አገር ከስድብ ይከፋል።

ለሊቀመንበሩ ደወልኩ። ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል፤ ጋሼ ነው የምለው። የቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ አባል ነው፣ ደንብ ወዳድ፣ የስብሰባ ሰው። ነገሩን ነገርኩት።

«ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!» አለ።

«ጋሼ፣ ፎቶውን አይተውታል እኮ።»

«የምን ፎቶ?»

«ግድግዳው ላይ ያለውን።»

«እሱማ የምርቃት ነው!» አለና ለኮሚቴው አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ።

መናፈሻ ውስጥ እንሰብሰብ ተባለ፤ አየር ያለበት ይሻላል ብለን። ሊቀመንበሩ መልሶ ደወለና «ለልጅቷ ንገሪያትና አምስት ስድስት ወንበር ጣል ታድርግልን» አለኝ።

«ሐዘንተኛዋን?» አልኩት። «ለሐዘኗ ወንበር ይገባታል አይገባትም ብለን የምንማከርበትን ወንበር እሷው ጭና ታምጣልን?»

ትንሽ አሰበና «እንግዲያው ቆመን እንሰብሰብ» አለ።

ዛፍ ሥር ቆምን። ሊቀመንበሩ፣ ጴንጤው ኦዲተራችን፣ ሙስሊሙ ገንዘብ ያዣችን፣ እና እኔ። የህሊና ጸሎቱ ያን ቀን ረዘም አለ። ከዚያ ኦዲተሩ አንድ ጥቅስ ጀመረ፤ ሊቀመንበሩ ጨረሰለት። ሊቀመንበሩ ሌላ ጀመረ፤ ኦዲተሩ ምዕራፉን ነገረው። እነዚህ ሰዎች ስለ ጾም፣ ስለ ታቦት፣ ስለ ከበሮ ሲናከሱ ስንት ዓመት አይቻቸዋለሁ። አሁን ግን አንዱ ሲናገር ሌላው «ልክ ነህ ወንድሜ» ይላል። የሃይማኖቶች አንድነት የሚባለውን ነገር በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው። የጭነት መኪና ሾፌር የሆነው ገንዘብ ያዣችን ብቻ እጁን ኪሱ ከትቶ ዝም አለ።

«ደንቡስ?» አልኩ።

ሊቀመንበሩ ለጠበቃ ልጁ ደወለና ስፒከር ላይ አደረጋት። እዚሁ የተወለደች ልጅ ናት፤ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትመልስበትም። «ዳድ፣ አይ አም አት ወርክ» አለች። እሱ ነገሩን አስረዳት፤ አንቀጹንም አነበበላት። ማን እንደጻፈው በእንግሊዝኛ ጠየቀችው። «እኔ ነኛ!» አለ በኩራት። እሷም፣ እንደዚያ ከሆነ ሴቶቹ በኦሃዮ ተጋብተዋል፣ በእድራችሁም ተጋብተዋል፣ አለቀ አለችው። «ላቭ ዩ ዳድ» ብላ ዘጋች።

«ልጆቻችንን አስተምረን ምን አተረፍን?» አለ ኦዲተሩ። ከዚያ «አንቀጹ ይሻር!» አለ። «ጋብቻ ማለት እግዚአብሔር ያጣመረው ነው ይባል።»

«ጥሩ» አልኩ፤ ትዕግሥቴ አልቆ ነበር። «በየትኛው ቤት ያጣመረው? በጋሼ ቤት ከሆነ ከጋሼ ጋር የቆረቡት ባለቤታቸው አዲስ አበባ ናቸው። የአሁኗን ያገቡት ዳውንታውን ፍርድ ቤት ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ እስከ ዛሬ አላቆረባቸውም። በአንተ ቤት ከሆነ ደግሞ ዲቪ የወጣልህ ሰሞን ክብር መዝገብ ሮጠህ፣ ምስክር ከመንገድ ጠርተህ አይደለም ያገባኸው? ፓስተር የባረካችሁ እዚህ ሁለተኛው ልጅ ከተወለደ በኋላ ነው። በመሀል የነበረውን ምን እንበለው? ደባልነት?»

ኦዲተሩ ወደ ዛፉ ዞረ። ሊቀመንበሩ መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ።

ገንዘብ ያዣችን የተናገረው ያኔ ነው። «የሚስቴ ቤተሰቦች ይጠመቅ አሉኝ። የእኔ ቤተሰቦች ትስለም አሏት። ሁለታችንም እምቢ አልን። እናቴ እስክትሞት ስልኬን አላነሳችም። አግብታችኋል ብሎ እጃችንን የጨበጠን ሰው አንድ ዳኛ ብቻ ነው፤ እሱም ምሳ ሰዓት ደርሶበት እየተቻኮለ። ያንን አንቀጽ አትንኩብኝ» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

አንቀጹ ሳይነካ ቀረ። ግን ሊቀመንበር ያለ ምክንያት ሊቀመንበር አይሆንም፤ መውጫ አገኘ። እድሩ በደንቡ የታዘዘውን ሁሉ ያደርጋል፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ምስሩ ይሰጣታል። መሄድና መቀመጥ ግን የየግለሰቡ ፈንታ ነው፤ ሃይማኖት የግል ነውና። ድንኳኑና ወንበሩ መቼም ድሮም እሷ ጋራዥ ውስጥ ነው ያሉት። ስለዚህ እድሩ የሰጣት ከጋራዥ ወደ ግቢ የማውጣት መብት ነው ማለት ነው።

«ማስታወቂያው ላይ የደባሏ እናት ብለሽ ጻፊ» አለኝ ልንለያይ ስንል።

«ለደባል እናት አንቀመጥም፤ በደንቡ የለም» አልኩት። እሱን የሚያሸንፈው ደንብ ብቻ ነው። አማቷ ብዬ ጻፍኩ፤ ክሊንተንቪል ብዬ ጻፍኩ፤ መኪና በጎን መንገድ እንዲቆም ጻፍኩ። ሌላ ጊዜ የተጣጠፉ እጆች ሥዕል እንደ ዝናብ ይወርድ ነበር። ያን ቀን ግሩፑ ጭጭ አለ። ወደ ማታ ግድም አንድ ሰው ብቻ «ፓርኪንጉ ይከፈልበታል?» ብሎ ጠየቀ።

በማግስቱ ከሥራ በቀጥታ ሄድኩ። ድንኳኑን ሐዘንተኞቹ ራሳቸው ተክለውታል፤ ወንበሩንም ራሳቸው ደርድረዋል። በእኛ ወግ ሐዘንተኛ ውሃ እንኳ ተነስቶ አይቀዳም፤ ሳየው አፈርኩ። አሜሪካዊቷ ከሆነ ቦታ ጥቁር ቀሚስና ነጠላ አግኝታ ለብሳለች፤ ነጠላውን በትክክል አዘቅዝቃዋለች። አንድ ጎረቤት ውሻውን እያንሸራሸረ መጣና ድንኳኑን አይቶ «ጋራዥ ሴል ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«አይደለም፤ እናቴ ሞታ ነው» አለችው። «ሰዎቻችን ሊመጡ ነው።»

ሰዎቻችን አለች። እኔ ያን ሁሉ ባዶ ወንበር እያየሁ ተቀመጥኩ። ነርሷ ከሚስቷ ጎን ተቀምጣ መንገዱን ታያለች። ዓይኗን እንዳላይ ስልኬን አወጣሁ፤ ስልኩ ላይም ምንም አልነበረም። እንዲህ ያለ ረጅም ከሰዓት በኋላ አላስታውስም።

መኪኖቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ከፊት የሊቀመንበሩ፣ ከኋላው የሌሎቹ፤ ሰልፍ ይዘው፣ ቀስ እያሉ፣ ማስካቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኸው ነው። መጥተዋል እንዳይባል መኪና ውስጥ ናቸው፤ ቀርተዋል እንዳይባል ደግሞ ጎማው ይዞራል። ሊቀመንበሩ ባለፈው ቅዳሜ ሰርግ ላይ ላብ እስኪያጠምቀው ትከሻውን ሲነቀንቅ አይቼዋለሁ። ዛሬ ኮቪድ ትዝ አለው። መስኮቱን ጣት በማታስገባ ልክ ከፈት አድርጎ «እግዜር ያጥናችሁ» አለ፤ ለማን እንዳለው አይታወቅም።

አሜሪካዊቷ ግን ተነስታ ወደ መኪናው ሄደች። መንገዱ ጠባብ ነውና ቆመ። ጎንበስ ብላ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ፣ ስለ ጤናችን ይህን ያህል ስለተጠነቀቃችሁልን አመሰግናለሁ አለችው። ከልቧ ነው ያለችው። በሽታ የፈሩላት መስሏት ነው።

የሊቀመንበሩ ሚስት አጠገቡ ነበረች። አሜሪካዊቷን፣ ከዚያ ባሏን፣ ከዚያ እንደገና አሜሪካዊቷን አየች። በሩን ከፈተች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ገና ከመኪናው ሳትርቅ «እናቴን! እናቴን!» ብላ ለቀቀችው። ልጅቷን አንገቷ ላይ ጥምጥም ብላ ይዛት ወደ ድንኳኑ መጣች። የማን እናት እንደሆነች አልጠየቀችም። የገዛ እናቷ የሞተች ጊዜ አውሮፕላን ቆሞ ስለነበር አገሯ አልገባችም፤ ዕንባው የዚያን ጊዜው መሆኑን ሴቶቹ ሁላችንም እናውቃለን።

ሊቀመንበሩ ሞተሩ እንደተነሳ ቀረ። ያለ ሚስቱ መሄድ አይችል፣ ከመኪናው መውረድ አይፈልግ። ከኋላው ያሉት ጡሩምባ መንፋት ጀመሩ። ለቅሶ ላይ መንገድ ዘግቶ መቆም ደግሞ በደንባችን ክልክል ነው፤ ያረቀቀውም እሱ ነው። በመጨረሻ ጎን መንገድ ገብቶ ፓርክ አደረገ። ሀበሻ ፓርኪንግ ላይ መሪውን ይከተላል፤ ሰልፉ በሙሉ ተከትሎት ገብቶ ቆመ። ከቆሙ በኋላ መኪና ውስጥ መቀመጥ ደግሞ አሳፋሪ ነው። አንድ በአንድ ወረዱ።

ሊቀመንበሩ ወርዶ መጀመሪያ ያደረገው የድንኳኑን ገመድ መሳብ ነው። «ላላ ብሏል» አለ። አልላላም።

ሴቶቹ እንደ ወጋችን ሆኑላት። አሜሪካዊቷን መሀል አስገቧት፣ ጀርባዋን ደባበሷት፣ አልቅሺ አሏት፣ ደግሞ በቃሽ አሏት፣ በግድ አጎረሷት። ወንዶቹ ጥግ ይዘው ስለ ነዳጅና ስለ ቤት ዋጋ አወሩ። አሜሪካዊቷ ከቀብሩ ወዲህ አላለቀሰችም ነበር፤ የሊቀመንበሩ ሚስት ትከሻ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ነርሷ ውሃ ልትቀዳ ስትነሳ በእድሩ ላይ የቋጠርኩትን ቁጣ በእሷ ተወጣሁት፤ ቁጭ በይ ብዬ ጮህኩባት። ቁጭ አለችና «እሷም እንደናንተ ነበረች፣ እትዬ» አለችኝ በቀስታ። «አማቴ። ለሚጠይቋት ሁሉ 'ነርሴ ናት' ነበር የምትላቸው። እስክትሞት እንደዚያው።» ውሃውን እኔ ቀድቼ ሰጠኋት።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። የለቅሶው መዝጊያ ላይ የእድሩ ሊቀመንበር ተነስቶ ሐዘንተኞችን ወክሎ ያመሰግናል፤ ሟች ማን ማንን ትተው እንዳለፉ ይናገራል። ይህን ሲያደርግ ድምፁ ይወፍራል። ሁላችንም ምን ሊል ነው ብለን ጠበቅን። ምስር የሚጨልፈው ሰው እንኳ ጭልፋውን አስቀመጠ።

«ሟች» አለ ከወረቀቱ ላይ፣ «ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል።»

ሰዉ እፎይ አለ። ኦዲተሩ ራሱን ነቀነቀ። በአንድ ዓረፍተ ነገር እህትማማች አደረጋቸው! ደባል ከመባል ይሻላል ብዬ ልሳቅ ወይስ ልናደድ አላወቅሁም፤ ስድስት ዓመት አገልግለው አንድ እርከን ማደጋቸው ነው። ቀና ስል ነርሷ ቆማለች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «እህቴ አይደለችም። ሚስቴ ናት።»

ሰው እንዲመጣላት ብቻ ነው የለመነችው፤ ሰዉ መጥቷል፣ ተቀምጧል። ዝም ብትል ኖሮ ሁሉም በሰላም ምስሩን በልቶ ይሄድ ነበር።

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አየ። እኔ ይህን ሰው አውቀዋለሁ። ሌላ ብዙ ነገር አይቶ እንዳላየ ያልፋል፤ ስብሰባ ላይ የቀረበ ማስተካከያ ግን አልፎ አያውቅም። እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ አወጣ፣ አንድ ነገር ሰረዘ፣ በላዩ ላይ ጻፈ። እጁ ቀስ ያለ ነበር።

«ማስተካከያ ቀርቧል» አለ። «ተቀብለናል። ሟች ሴት ልጃቸውንና የልጃቸውን ሚስት ትተው አልፈዋል።» ተቀመጠ።

ኦዲተሩ ሚስቱን ክንዷን ይዞ ተነሳ፤ እነሱን ተከትለው ጥቂት ሰዎች ወጡ። ገንዘብ ያዣችን ዘግየት ብሎ «አሚን» አለ። ሌሎቻችን አቀርቅረን ሳህናችንን እያየን ተቀመጥን፤ ግን ተቀመጥን።

አሜሪካዊቷ ነርሷን እጇን ያዘቻትና በእንግሊዝኛ «ምን አለ?» አለቻት።

«ሚስቴ እንደሆንሽ ተናገረ።»

ልጅቷ ቀና ብላ በድንኳኑ ውስጥ ያለነውን አየችን። ያጎረሷትን፣ የተደፋችባትን፣ እኔንም። ፊቷ ላይ ንዴት አልነበረም፤ ግራ ነው የተጋባችው።

«እስከ ዛሬ አያውቁም ነበር?» አለች።

ነርሷ እኛን አላየችንም።

«ያውቁ ነበር» አለቻት።

እውነቷን ነው። እናውቅ ነበር።